ለሚስዮናዊ ዘመድ የሽኝት ስጦታ፦ 5 ኪሎ ጥቅል እንዴት ይዘጋጃል

እህቴና ባለቤቷ ልጆቻቸውን ይዘው ለወንጌል ሥራ ወደ ቻድ ከሄዱ ወዲህ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «የአክስቴ ልጅ ሚስዮናዊ ሆና ልትሄድ ነው፤ ምን እንስጣት?» አንዱ ጁባ ይላል፣ ሌላው ሕንድ፣ ሌላው ናይሮቢ። መልሴ ብዙም አይለያይም። ደጋግሜ በድምፅ መልእክት ከምልክ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

በእህቴ ሽኝት ምሽት ጠረጴዛው በስጦታ ሞልቶ ነበር። ሦስት የግድግዳ ሰዓት። ጥቅስ የተጻፈበት ባለመስታወት ፍሬም፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ከእንጨት የተቀረጸ የኢትዮጵያ ካርታ። ሁሉም ከልብ የተሰጠ ነው፤ ማንንም አልወቅስም፤ አንዱን ሰዓት የገዛሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ሁሉ የሽኝት ስጦታ የቻድ ዋና ከተማ ንጃሜና የደረሰው ግን አንድ ጋቢ ብቻ ነው። ፍሬሙ እስከ ዛሬ እናታችን ቤት ከበር ጀርባ ቆሟል።

ለሚሄድ ሰው ውዱ ነገር ኪሎ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ 2 ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ነው። ትኬቱ ከሌላ አየር መንገድ ከሆነ ወይም በቅናሽ የተቆረጠ ከሆነ ሊያንስ ይችላል። አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ከእጅ ሻንጣው ሌላ 184 ኪሎ ይመጣል። ብዙ ይመስላል። የዓመታት ኑሮ፣ የልጆች ልብስ፣ መጽሐፍና ድስት ሲገባበት ግን ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ ከታች ያለው ጥቅል በጠቅላላው 5 ኪሎ እንዲሆን ተደርጎ የታሰበ ነው። ዘመድ ተሰባስቦ በጋራ ያዘጋጀዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ወደ ጥቅሉ የሚገቡ፦
- በርበሬ፣ 1 ኪሎ
- ሽሮ፣ 1 ኪሎ
- ድርቆሽ፣ ግማሽ ኪሎ (4 ወይም 5 እንጀራ ይበቃል)
- ቆሎ፣ ግማሽ ኪሎ
- የተቆላ ቡና፣ ያልተፈጨ፣ ግማሽ ኪሎ
- የቅቤ ማንጠሪያ ቅመም፣ 200 ግራም ያህል
- ስስ ጋቢ ወይም ነጠላ፣ 1 ኪሎ ያህል
- ደብዳቤ የያዙ ፖስታዎች፣ የታጠቡ ፎቶዎችና አንድ ፍላሽ

ለሥራው፦
- ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት በሁለት መጠን
- ሰፊ ፕላስተር፣ የማይለቅ ማርከር
- ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ
- በእጅ የሚንጠለጠል የሻንጣ ሚዛን (ከሌለ በሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ይዛችሁ ቁሙ፤ ልዩነቱ የሻንጣው ክብደት ነው)

1. ከጉዞው 6 ሳምንት በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ

ስጦታ ድንገት ሲሆን ደስ ይላል የሚል ልማድ አለን። ለሰርግ ይሁን። ለዚህ ግን ጠይቁ።

የመጀመሪያው «የት ከተማ ነው የምትኖሩት?» የሚል ነው። አገሩን ማወቅ አይበቃም። በዋና ከተማ ብዙ ነገር ይገኛል፤ ገጠር ከሆነ መብራትም ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው «ስንት ኪሎ ይተርፋችኋል?» ነው። 3 ኪሎ ብቻ ካሉ ጥቅሉን ቀንሱ፤ ከቆሎው ጀምሩ።

ሦስተኛውን ሰው አይጠይቅም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ነው። «እዚያ ሥራችሁ ምን ተብሎ ይጠራል?» በግልጽ ሚስዮናዊ ተብሎ የማይገባባቸው አገሮች አሉ። ሰው የሚገባው በመምህርነት፣ በጤና ባለሙያነት ወይም በሌላ ሙያ ነው። የእናንተ ዘመድ እንደዚያ ከሆነ ጋቢው ጥለት ላይ «ለሚስዮናዊው ወንድማችን» ብላችሁ አታስጠልፉ። ማስታወሻ ካርድ ላይም አትጻፉ። የሽኝቱን ፕሮግራም በፌስቡክ በቀጥታ አታስተላልፉ፤ ስማቸውንና አገሩን አያይዛችሁም አትለጥፉ። ሻንጣ ሲፈተሽ የሚነበበው ያ ጥልፍ ነው፤ ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘውም ያ ቪዲዮ ነው።

2. አንድ ሰው ኃላፊ አድርጉ

ከዘመድ መካከል ዝርዝር የሚይዝ አንድ ሰው ይኑር። ሌላው ሁሉ ለእሱ ይደውል። ያለዚያ አምስት አክስቶች አምስት ኪሎ በርበሬ ይዘው ይመጣሉ፤ የማንን ትቶ የማንን ይወስዳል? ቅያሜው ደግሞ ከሻንጣው ይከብዳል። ኃላፊው ሰው እምቢ ማለት የሚችል ይሁን። እኛ ቤት ይህ የታላቅ ወንድሜ ሥራ ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለዚህ ሥራ ተፈጥሯል።

3. የአገሩን ክልከላ ቀድማችሁ እዩ

ይህን ቅመም ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት። የደረቀና የተፈጨ ቅመም በብዙ አገር ችግር የለውም። ችግር ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦

ሥጋና የወተት ውጤት። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ወደ አሜሪካም ቋንጣ አይገባም፤ የያዙትን ምግብ ሁሉ ማሳወቅም ግዴታ ነው። ደብቆ የተገኘ ሰው ይቀጣል። ሚስዮናዊ ሰው ቋንጣ ደብቆ ተያዘ የሚል ወሬ ለማንም አይበጅም።

ዘርና ችግኝ። የጎመን ዘር፣ የጤና አዳም ችግኝ፣ ያልተቆላ ቡና፦ ብዙ አገር የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ይጠይቅባቸዋል። ቡናው የተቆላ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ያልተፈጨ ይሁን ያልኩት ደግሞ ከተፈጨ መዓዛው ቶሎ ስለሚጠፋ ነው።

ቅርስ የሚመስል ነገር። የቆየ የብራና መጽሐፍ፣ የአያት መስቀል፣ ጥንታዊ ጌጥ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ ሆኖ አሮጌ የሚመስል ዕቃም ቦሌ ላይ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ካልያዛችሁለት በቀር ይቅር።

የኤሌክትሪክ ዕቃ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ምጣድ አትግዙ፤ እዚያ 120 ቮልት ስለሆነ አይግልም። ወደ ኬንያ ወይም ወደ ኡጋንዳ ከሆነ ቮልቱ ይስማማል፤ ሶኬቱ ግን ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው። ሁለት ሦስት መቀየሪያ ሶኬት ብትሰጡ ቀላል ነው፤ በደረሱበት ቀን ነው የሚፈልጉት።

4. በርበሬውንና ሽሮውን አዘጋጁ

በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ይሞቃል። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰው እንደሞቀ ከረጢት ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሙቀቱ ውስጡ ላብ ይሆናል፤ ላቡ በርበሬውን ያጓጉለዋል፤ በወሩ ይሻግታል። ሽሮም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ከወፍጮ እንደመጣ ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። በጨርቅ ሸፍኑትና እስኪበርድ፣ ብትችሉ አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት እጃችሁን ወደ መሀሉ ከትቱ። ከእጃችሁ የቀዘቀዘ ከሆነ ደርሷል። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ተሰብስቦ ከቀረ እርጥበት አለው፤ ፀሐይ ይጨመርለት።

ከዚያ በሩብ ኪሎ በሩብ ኪሎ ከፋፍሉት። ለምን? አንዱ ከረጢት ቢፈነዳ ሌላው ይተርፋል። ደግሞም እዚያ ሲደርሱ አንዱን ከፍተው ሌላውን እንደታሸገ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡታል። ቻድን በመሰለ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የተከፈተ በርበሬ ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል።

ሲታሸግ አየሩን በደንብ አውጡ። ሻንጣ ላይ ሻንጣ ይጫናል፤ አየር የቀረበት ከረጢት ሲጫኑት ይፈነዳል። መጀመሪያው ከረጢት ታስሮ በፕላስተር ይጠቅለል፤ ከዚያ ሁለተኛ ከረጢት። አንዳንድ ቅመማ ቅመም ቤት አየር የሚመጥ ማሽን አላቸው፤ ትንሽ ከፍላችሁ ብታሳሽጉ በጣም ጥሩ ነው።

በማርከር ምንነቱን ጻፉበት፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ወይም የአገሩ ፈታሽ በሚያነበው ቋንቋ። ምንም ያልተጻፈበት ሩብ ኪሎ ነጣ ያለ ዱቄት እናንተ ስታዩት ሽሮ ነው። ፈታሹ ሲያየው ግን ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዱቄት የሆነ ነገር ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ሊቀርም ይችላል።

5. ድርቆሹን አድርቁ

ሦስት ወይም አራት ቀን ያደረ እንጀራ አትውሰዱ፤ ሻጋታው ሳይታይ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በተጋገረ ማግስት ያዙት። አውራ ጣት በሚያህል ቁራጭ ቆራርጡት፤ ትልቅ ከሆነ ዳሩ ደርቆ መሀሉ ይቀራል። ጨርቅ ላይ ሳይደራረብ አስጡት። በበጋ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይበቃዋል፤ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፣ ጤዛ አይንካው። በክረምት ከሆነ ፀሐይን አትጠብቁ፤ በኦቭን በዝቅተኛ ሙቀት፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ አድርቁት። እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም።

መድረቁን በጆሮ ነው የምታውቁት። ስትሰብሩት ቀጭ ማለት አለበት። ከታጠፈ አልደረቀም። አንድ ያልደረቀ ቁራጭ ሙሉውን ከረጢት ያበላሻል፤ ስለዚህ ከመሀል ከመሀል እያነሳችሁ ሞክሩ።

6. ቅቤውን ትታችሁ ቅመሙን ስጡ

ይህን ስል እናቶች ይቆጡኛል። የሐበሻ ቅቤ ያልገባበት ጥቅል ምን ጥቅል ነው ይላሉ። እኛም ለእህቴ አንድ ኪሎ ንጥር ቅቤ በብልቃጥ አስገብተን ነበር። ክዳኑ ተላቀቀ። ቅቤው የፈሰሰው ለስብከት ሊለብሰው ተጠንቅቆ በታጠፈው የባለቤቷ ሙሉ ልብስ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ በሞቀ ቀን ይሸታል ትለኛለች።

ቅቤ የሚገኝበት አገር ብዙ ነው። የማይገኘው ኮሰረት ነው። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድና እርድ፦ ለ1 ኪሎ ቅቤ የሚበቃውን መጠን እናታችሁ በእጇ ትመጥን። ያን አንድ ላይ አድርጋችሁ በትንሽ ከረጢት እሰሩ። እንዲህ ያለ 8 ወይም 10 ትንንሽ ጥቅል አዘጋጁ። ኮረሪማው ያልተፈለፈለ ቢሆን ይሻላል፤ ልጡ መዓዛውን ይይዝለታል። በያንዳንዱ ላይ «ለ1 ኪሎ» ብላችሁ ጻፉ። እዚያ ሆነው የአገሩን ቅቤ ገዝተው አንዱን ጥቅል ይጨምሩበታል፤ ቤቱ የእናታችሁን ቤት ይሸታል።

7. ድምፅና ደብዳቤ

ይህ ክፍል ግማሽ ኪሎ አይሞላም። እህቴን ከሁሉ ምን ጠቀማችሁ ብትሏት ግን የምትነግራችሁ ይህን ነው።

ለደብዳቤው 10 ያህል ፖስታ አዘጋጁ። በያንዳንዱ ፊት የሚከፈትበትን ቀን ጻፉ፦ የደረሳችሁ ሳምንት፣ መስከረም 1፣ ገና፣ ፋሲካ፣ የልጆቹ ልደት። ሁለት ሦስቱን «በከፋን ቀን» ብላችሁ ተዉአቸው። በመጀመሪያው ወር ሁሉም አዲስ ስለሆነ ሰው አይናፍቅም፤ ደዋዩም ብዙ ነው። እህቴ የከበዳት ሦስተኛውና አራተኛው ወር ነበር፤ ደዋይ የቀነሰበት። ስለዚህ ለዚያ ጊዜ የሚከፈቱትን አብዙ። አንድ ፖስታ፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ፎቶ። ፎቶው ታጥቦ ይሁን፤ ስልክ ይሰበራል።

ለድምፁ አያት ካለች ከአያት ጀምሩ። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ ስልኩን ከአፏ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ጋቢ ላይ አስቀምጡ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ኳኳታው ይገባል። ስልኩን በረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ ያለዚያ ምርቃቱ መሀል ይደወላል። «እስቲ መርቂያቸው» ብቻ አትበሏት። የእኛ አያት «ምን ልበል እናንተዬ?» ብላ ዝም አለች። «የዶሮ ወጥ እንዴት ነው የምትሠሪው?» ስላት ግን ሽንኩርቱን ከመላጥ ጀምራ ሃያ ደቂቃ አወራች። ምርቃቱ መጨረሻ ላይ ራሱ መጣ። የእህቴ ትንሿ ልጅ አሁን የሚያስተኛት ያ የሽንኩርት ወሬ ነው።

ፋይሎቹን በስም ለዩና በሁለት ቦታ ገልብጡ፦ ፍላሹ ላይና ከመሄዳቸው በፊት ስልካቸው ላይ። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ነው የሚፈለገው፤ ቴሌግራም ላይ ልካችሁ አትመኑ።

ለልጆች ደግሞ የፊደል ገበታና አንድ ሁለት ስስ የአማርኛ ተረት መጽሐፍ ጨምሩ። ወላጅ በሥራ ሲጠመድ መጀመሪያ የሚረሳው የልጆቹ አማርኛ ነው።

8. ገንዘብና ጉልበት

መዋጮ ካሰባሰባችሁ ብሩን በፖስታ ቦሌ ላይ አታስጨብጡ። እዚያ ለሚኖር ሰው ብር ምን ያደርግለታል? ከጉዞው በፊት ስጧቸው፤ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘው ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ይግዙበት፤ የባንኩን ወረቀትም ይያዙ። ወይም በላኪው ቤተ ክርስቲያን በኩል በየወሩ የሚላክ ድጋፍ አድርጉት። አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ትልቅ ገንዘብ ለአንድ ዓመት የሚዘልቅ ትንሽ ይሻላል፤ ያኛው በመጀመሪያው ወር ቤት ኪራይ ላይ ያልቃል።

ገንዘብ የሌለው ሰው ጉልበቱን ይስጥ። ለምሳሌ፦
- ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ አብራችሁ ሄዳችሁ ውክልና ጨርሱላቸው። አገር ውስጥ ሳሉ ቀላል ነው፤ ከሄዱ በኋላ በኤምባሲ በኩል ማለፍ አለበት፣ ያውም ኤምባሲ ካለ።
- የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥራቸውን ካርድ የሚሞላበት ሰው ይመደብ። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥር ይዘጋል፤ የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው ደግሞ በሱ ነው።
- እናት ወይም አባት እዚህ የሚቀሩ ከሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ይጠይቃቸዋል? ስም ጻፉ። «ሁላችንም አለን» ከተባለ ማንም አይሄድም።

9. ከጉዞው 10 ቀን በፊት አስረክቡ

ሁሉም ሲያልቅ ከረጢቶቹን በጋቢው ጠቅልሉ። ጋቢው ስጦታም ነው፣ መከላከያም ነው። መዝኑት። 5 ኪሎ ካለፈ አሁኑኑ ቀንሱ። የውስጡን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው፤ ፍተሻ ላይ «ምን ይዘሃል?» ሲባሉ አይደናገሩም። 10 ቀን ያልኩት ሻንጣ የሚሞላው በመጨረሻው ሳምንት ስለሆነ ነው። ለሽኝቱ ምሽት ባዶ እጅ መምጣት የሚከብዳችሁ ከሆነ ዳቦ ጋግራችሁ ኑ፤ እዚያው ይበላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ጀበና መስጠት። ሸክላ ነው፤ ይሰበራል። የግድ ከሆነ ትንሹን ምረጡ፣ ውስጡን በካልሲ ሙሉት፣ በእጅ ሻንጣ ይያዝ።

ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ መክተት። ክልክል ነው፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄደው። ሻንጣው ሲመዘን ሳይታወቅ ቢያልፍ እንኳ ኋላ በፍተሻ ሻንጣው ይወጣና ይከፈታል።

ማርና ዘይት በእጅ ሻንጣ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያልፍም። ማር ፈሳሽ ነው ወይ ብላችሁ ከፈታሽ ጋር አትከራከሩ።

«እግረ መንገዳችሁን ይቺን ብቻ።» የጎረቤት ልጅ እዚያ አለ፣ ትንሽ ፌስታል ናት፣ ታስራለች። ያልፈታችሁትን ዕቃ አትቀበሉ፤ ዘመዳችሁም እንዲቀበል አታስገድዱት። ሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው ባለ ሻንጣው ነው። እዚህ ላይ ነው ያ ይሉኝታ የሌለው ወንድም የሚያስፈልገው።

በመጨረሻው ቀን ቦሌ ላይ ዕቃ ይዞ መምጣት። ሸኚ ወደ ተርሚናሉ አይገባም፤ ስንብቱ ውጭ መኪና ማቆሚያው ጋ ነው። በእህቴ ጊዜ አንድ አጎታችን ሁለት ኪሎ በሶ ይዞ ደረሰ። እናታችን አስፋልት ላይ ተንበርክካ ሻንጣ ከፈተች፤ የልጆቹ ጫማ ወጥቶ በሶው ገባ። ከዚያ ሻንጣው አልዘጋ አለ። ስለዚህ ከሸኚዎች አንዱ የእጅ ሚዛኑንና አንድ ትልቅ ባዶ ፌስታል ይዞ ይሂድ። ወደ ቤት የሚመለስ ዕቃ አይጠፋም።